ስም ወይስ ምልክት?

«ሰውየውስ ጨዋ ነው። ግን ብቻውን ምን ያመጣል?»

የግል ተወዳዳሪ በተነሳ ቁጥር ከአዳማ እስከ መቂ፣ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ በየቡናው ላይ የምሰማው ይህንን ነው። «ድምፄን ከማባክን…» ብሎ ትከሻውን የሚሰብቅም ሞልቷል።

ሥጋቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። እንበልና ከመቶ መራጭ 40ው ለአንዱ ፓርቲ፣ 38ቱ ለሌላው፣ 22ቱ ለግል ተወዳዳሪው ሰጡ። 40 ያገኘው ይገባል፣ 60ው ባይፈልገውም! የተሸነፈው ፓርቲም «ድምፃችንን የበላው እሱ ነው» ብሎ በብቸኛው ሰው ላይ ጥርሱን ይነክሳል። አሜሪካዊው ሮስ ፔሮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ፣ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት ወኪሎች አንድም አልደረሰውም።

የእኛም ታሪክ ብዙ አያጽናናም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ወሬው ሁሉ ኢሕአዴግና ቅንጅት በነበረበት ሰዓት፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። ከ547 መቀመጫ አንዷን! በ2002 ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ በግል ገቡ። ሁለቱም ቀድሞ ስማቸው የታወቀ ነው። በ2007 አንድም የግል ተመራጭ አልገባም፤ በ2013 አራት ገቡ።

አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ ብቻውን ሕግ አያጸድቅም፣ ሕግ አይሽርም። ታዲያ ምን ይፈይዳል?

በአንድ ምርጫ ማግስት ጎረቤቶቼን «ማንን መረጣችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አብዛኞቹ የነገሩኝ የፓርቲውን ምልክት ነው። «የሰውየውስ ስም?» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። እንዲያው የማይታወቅ ሰው መንገዱ ሲበላሽ፣ ውኃው ሲጠፋ ማን ብለው ሊጠሩት ነው?

የግል ተወዳዳሪው ከጀርባው የሚጠለልበት ፓርቲ የለውም። ያለው ስሙ ብቻ ነው። ደጃፋችን መጥቶ «እገሌ እባላለሁ፣ ይህን ሠርቻለሁ» ሲለን፣ የሌሎቹንም ስምና ሥራ መጠየቅ እንጀምራለን። ፓርቲዎቹም ያገኙትን ሰው ከምልክት ሥር አስቀምጦ ማለፍ ይከብዳቸዋል።

ስሌቱ ከባድ ነው፤ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ሁሉም ከራሱ ጋር ይምከር። ባከነ የምለው ግን ለተሸናፊ የተሰጠውን ድምፅ ሳይሆን፣ ስሙን እንኳ ላልጠየቅነው ሰው የሰጠነውን ነው።