ስለ አንድ አሮጌ አውቶሞቢል መብራት

በሽተኛ የሚያመውን ስፍራ ያሳያል፤ የበሽታው ሥር ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ስፍራ ነው። ይህ ነገር ለሰው ገላ ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለአውቶሞቢልም እንደሚሆን ግን ባለፈው ክረምት በድሬዳዋ ከተማ ተማርሁ። ትምህርቱንም ያገኘሁት እንዲያው በነጻ አይደለም፤ አንድ ድኻ ልጅ በድዬ ነው እንጂ።

ከአባቴ የወረስሁት አውቶሞቢል ፔዦ 404 ነው። ይህ ዐይነት በፈረንሳይ አገር በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ በአገራችን፥ ይልቁንም በሐረር፥ በታክሲነት ለብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። የእኔው በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ብዙ ሰው ባለቀበት ሌሊት በጭቃ ውኃ ውስጥ አድሮ ነበር። ሞተሩ ታጥቦ ተነሣ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ውኃውን ረሳነው፤ ውኃው ግን ብረቱን አልረሳውም።

ብልሽቱ እንዲህ ነበር። ማታ ፍሬን ስረግጥ የኋላው ቀይ መብራት በመድመቅ ፈንታ ይደበዝዛል፤ ቀንም ስረግጥ ያላበራሁት የዳሽቦርድ መብራት በፊቴ ይበራል። እኔም አምፖሉ ነው ብዬ አምፖል ለወጥሁ፤ ባትሪው ነው ብዬ ባትሪ ገዛሁ፤ ፊውዙንም ባየው ደኅና ነበር። ከዚህ በኋላ ሽቦውን የነካካውን የጋራዥ ልጅ ጠራሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፤ «ጋሼ፤ ማሳው ይታይልኝ» አለኝ። እኔ ማሳ ሲሉ ከገበሬ እርሻ በቀር አላውቅምና የሚሣለቅብኝ መሰለኝ። «የገዛ ጥፋትህን በቀልድ ትሸፍናለህን?» ብዬ የሠራበትን ዋጋ ከልክዬ አባረርሁት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሐረር ስመለስ በደንገጎ ቁልቁለት ሊመሽ ሲል ፍሬን ያዝሁ። ከኋላዬ የሚመጣው የጭነት መኪና መያዜን አላየም ኖሮ ሊገጨኝ ጥቂት ሲቀረው በጭንቅ ቆመ። ሾፌሩም ወርዶ፤ «ጌታው፤ የኋላ መብራት የለዎትም፤ ልጆችስ የሉዎትም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ልጆቼ ከኋላ ወንበር ተኝተው ነበርና።

በማግሥቱ ድሮ በምድር ባቡሩ መጠገኛ ቤት ወደ ሠሩ አንድ ሽማግሌ ሄድሁ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናትና እንዲህ ያሉ እጀ ብልኅ ሰዎች አላጣችም። እርሳቸውም አንድ ቡሎን ስንኳ ሳይፈቱ በፊት ነገሩን አስረዱኝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ወጥቶ በአምፖሉ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ግን በሌላ ሽቦ ሳይሆን በአውቶሞቢሉ በራሱ ብረት ነው። ሠራተኞች ማሳ የሚሉት ይህን የመመለሻ ብረት ነው፤ ቃሉም ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ነው። የመመለሻው መንገድ በዝገት የተዘጋ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ ይፈልግና በጎረቤት አምፖል በኩል ይሾልካል፤ ስለዚህ መብራት የሚገባው ደብዝዞ የማይገባው ይበራል።

ቀጥሎም የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፥ ሁለተኛውን በኋላው መብራት ብረት ላይ አድርገው ፍሬን አስረገጡኝ። ጤነኛ ቢሆን ወደ ዜሮ የሚጠጋው መለኪያ 5 ቮልት አሳየ፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ይህን ያህሉ በመመለሻው መንገድ ባክኖ ይቀር ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ ወፍራም ሽቦ ቢያገናኙ መብራቱ ወዲያው ደመቀ። ከዚያ ምንጣፉን ቢገልጡት የሁለቱ መብራቶች መመለሻ በታሰረበት ቡሎን ሥር የዚያ የደቻቱ ጭቃ ከዝገት ጋር ደርቆ ተገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው አጥብቀው አሰሩት። የሚገዛ ዕቃ አንድ ስንኳ አላስፈለገም።

ያን ዕለት ማታ ልጁን በሳቢያን ሰፈር ፈልጌ አገኘሁት። የከለከልሁትን ዋጋ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ገንዘቡን ሳይቈጥር፤ «ጋሼ፤ ማሳው ነበር?» አለኝ።

«እርሱ ነበር» አልሁት።

ወንድሞቼ ሆይ፤ መብራት የደበዘዘባችሁ እንደ ሆነ አምፖሉን ከመጣላችሁ በፊት መመለሻውን መርምሩ፤ ታናሽ ሰውም ያልገባችሁን ቃል ቢናገር ከማባረራችሁ በፊት ትርጓሜውን ጠይቁት።