ትከሻዬን ማን ነገረው?

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንጓዝ ሹፌሩ የሮፍናንን ሙዚቃ ለቀቀው። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ከበሮውን የሚመታው ማነው?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ነው፣ አባባ።»

«ኧረ ተው! ታዲያ ትከሻዬን ማን ነገረው?»

ሳቅን። ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። በ2010 ዓ.ም. የሮፍናን አልበም «ነጸብራቅ» ሲለቀቅ ብዙዎቻችን «አዲስ ነገር መጣ» ብለን ነበር። ሙዚቀኛው ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1985፣ አሜሪካ ሆነው፣ አኮርዲዮናቸውን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋደው «ሸሞንሙናዬ» የተሰኘውን ካሴት ብቻቸውን ተጫውተው ቀርጸዋል። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭውን አድማጭ አስደመመ።

ለካ ማሽኑ ምቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። እስክስታው ያለው እኛው ትከሻ ላይ ነው። አባባም ሞጣ እስክንገባ አላረፉም!