የእንግሊዝኛ መምህርና የሁለተኛ ዲግሪ ምርጫው

በደሴና በኮምቦልቻ እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ባሰብን ጊዜ ሁለት መንገድ ከፊታችን ይቆማል። አንዱ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ መመርመር ነው፤ ሁለተኛው እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የማስተማርን ዘዴ መማር ነው። ከዚህም ሌላ የቦታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፥ ቤተሰብ ላለው ሰው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደጃችን መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም የምርጫው ሚዛን የዩኒቨርሲቲው ስም ወይም የመንገዱ ቅርበት ሳይሆን፥ የምናስተምረው ልጅ ሊሆን ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። ስለዚህ በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ሲማር የቆየው ልጅ፥ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ትምህርቱ የከበደው አእምሮው ደክሞ ሳይሆን ቃሉ ርቆት ሊሆን ይችላል፤ ዝም ሲል ግን ሰነፍ ይባላል።

እንግዲህ ከመመዝገባችን በፊት እንዲህ ብለን እንጠይቅ፤ በክፍል ቆመን ስናስተምር አይቶ የሚያርመን አለን? የመመረቂያ ጽሑፋችንስ ከነዚህ ልጆች ንባብና ድርሰት ይነሣልን? መልሱ አዎን ከሆነ፥ ቅርብም ሆነ ሩቅ ትምህርቱ ይስማማናል። ሥነ ጽሑፍን የመረጠም አይነቀፍ፤ ብቻ የንባብን ጣዕም ለተማሪው ያካፍል። ዲግሪው የመምህሩን ደመወዝ ከፍ አድርጎ የልጁን አንደበት ካልፈታ፥ ትርፉ ጎደሎ ነው።