ፈቃዱን ያሰጠች እናት

የእኛ አገር እናት ልጇን ስታቆላምጥ «ቅበረኝ» ትላለች። ልጅ ወላጁን ይቅበር እንጂ ወላጅ ልጁን አይቅበር ማለቷ ነው። ስለ ቭላድስሎ መቃብር ካነበብኩ ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋ ብሏል።

ቭላድስሎ በምዕራብ ቤልጂየም፣ ዲክስሞይደ ከተማ አጠገብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ከ25 ሺህ በላይ የጀርመን ወታደሮች ዛፍ ጥላ ሥር አርፈዋል። መሬት ላይ የተነጠፈው አንድ ድንጋይ የሃያ ሰው ስም ይዟል። ከነዚያ ስሞች አንዱ ፒተር ኮልቪትስ ይላል።

በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ፒተር 18 ዓመቱ ነበር። ለመዝመት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አባቱ ካርል አልፈቅድም አለ። አማልዳ ያስፈቀደችለት እናቱ ናት፤ ሠዓሊና ቀራፂ ኬተ ኮልቪትስ። በጥቅምት ወር፣ ግንባር በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገደለ።

ሐውልት ልታቆምለት በዚያው ዓመት አሰበች። መጀመሪያ የልጇን አስከሬን እንደ ተዘረጋ፣ ወላጆቹ በራስጌውና በግርጌው ሆነው ልትቀርፅ ነበር። ተወችው። እንደገና ጀመረች። ሐውልቱ የተተከለው በ1932 ነው፤ 18 ዓመት፣ ልጇ በምድር የኖረውን ያህል ዘመን ፈጀባት። በመጨረሻው ሥራዋ ላይ ልጁ የለም። ጠመንጃም፣ ባንዲራም የለም። ያሉት የተንበረከኩ አባትና እናት ብቻ ናቸው። አባትየው ቀጥ ብሎ፣ እጆቹን አጣጥፎ ራሱን ጨምድዶ ይዟል። እናትየው ጎንበስ ብላ አቀርቅራለች። መልካቸው የካርልና የራሷ ነው። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስለኛል፤ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ የጦርነት ሐውልት አላውቅም።

ሐውልቶቹ መጀመሪያ የቆሙት እዚያው ቭላድስሎ አካባቢ፣ ሮገፌልደ በተባለው ትንሽ መቃብር ነበር። ጀርመን ሁለት ጊዜ የወረረቻት ቤልጂየም ለወራሪዎቿ ሙታን አፈር አልነፈገችም። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በተደረገ ስምምነት፣ ተበታትነው የነበሩት መቃብሮች ወደ ላንገማርክ፣ ሜነንና ቭላድስሎ ተሰበሰቡ። የፒተርም አፅም ከሮገፌልደ ተነሣ። የተቀረፁት ወላጆቹም በ1956 ተከትለውት መጡ።

ይህን ዝውውር ኬተ አላየችም። በአጎቱ ስም ፒተር ተብሎ የተጠራው የልጅ ልጇ በ1942 ሩሲያ ውስጥ ተገደለ። እሷም በሚያዝያ 1945፣ ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት ዐረፈች።

ቤልጂየም ያላችሁ ወገኖች፣ ወደ ባሕሩ ስትሄዱ ጎራ በሉ። የፒተር ስም ያለበት ድንጋይ ከአባትየው ፊት ለፊት ነው።