እሳቱን አይቶ መብላት

እኛ አገር «እገሌ ሕንድ ሄደ» ከተባለ «ምን ሊጎበኝ?» የሚል የለም፤ «ምን አመመው?» ነው የሚባለው። እኔም ዴልሂን ያየኋት በአስታማሚነት ነው። ታናሽ እህቴ ልቧ ካስቸገራት ዓመታት አልፈው ነበር። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ቀርቶ ልቧ ላይ ወጣ፤ በሙያው የሩማቲክ የልብ ሕመም የምንለው ነው። በመጨረሻ የልቧ ቫልቭ መቀየር አለበት ተባለ። ቤተሰብ ተመካከረና «አንቺ ነርስ ነሽ፣ ጡረታም ወጥተሻል» ተብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቷ መጠን እስኪስተካከል ድረስ በእንግዳ ማረፊያ መቆየት ነበረብን። ፈተናው የመጣው ያን ጊዜ ነው። እህቴን ምግብ አስጠላት። ሾርባው ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ ሩዙን በማንኪያ ስትበታትን ቆይታ ትተወዋለች። ቁስል የሚሽረው ሰው ሲበላ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በሕሙማን አልጋ ዳር ስለቆምኩ ይህንን ደጋግሜ ነገርኳት። ነገር ግን ምግብ ያስጠላው ሰው በምክር አይበላም።

ልጇ እዚያው ዴልሂ ውስጥ ይማራል። አንድ ቅዳሜ መጣና «አክስቴ፣ አንቺም ልትታመሚ ነው፤ ተነሺ አሮጌውን ከተማ ላሳይሽ» አለኝ። ከጎናችን ባለው ክፍል ባሏን የምታስታምም አንዲት የነቀምቴ ሴት ነበረች። እሷ ከእህቴ ጋር ልትቀመጥልኝ ተስማማችና በሜትሮ ባቡር ሄድን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌዋ ዴልሂ ደንበኛ ሆንኩ።

አሮጌዋን ዴልሂ የቆረቆራት ታጅ ማሃልን ያሠራው ንጉሥ ሻህ ጃሃን ነው። መናገሻውን ከአግራ ወደዚህ ለማዛወር ሥራውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1639 ነው። ዋናውን የገበያ ጎዳና ቻንድኒ ቾክን ያስነደፈችው ደግሞ ልጁ ጃሃናራ ናት። ስሙ «የጨረቃ ብርሃን አደባባይ» እንደማለት ነው፤ በመሐሉ የውኃ ቦይና ገንዳ ነበረበት፣ ጨረቃዋም በውኃው ላይ ትታይ ነበር ይባላል። ቦዩ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን መንገዱ ታድሶ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ባለሞተር ተሽከርካሪ እንዳይገባበት ተደርጓል። ለእንደኔ ዓይነት ጉልበቷ ለደከመ ሴት ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ አንድ ጎዳና ላይ የጄይኖች ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ፣ የሲኮች ጉርድዋራና መስጊድ ተከታትለው ይገኛሉ። በጄይኖቹ ግቢ ውስጥ የአእዋፍ ሆስፒታል አለ። ክንፉ የተሰበረ ርግብ ተኝቶ ሲታከም ሳይ ነርስነቴ ቀሰቀሰኝና ረጅም ሰዓት ቆምኩ። በጉርድዋራው ደግሞ የመጣ ሁሉ ሃይማኖቱና ዘሩ ሳይጠየቅ ወለል ላይ በረድፍ ተቀምጦ በነፃ ይበላል። የእኛን ዝክር አስታወሰኝ።

አሁን ወደ ምግቡ ልግባ። መንገድ ዳር ምግብ ሲባል የጤና ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው ተቅማጥና ታይፎይድን ነው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሥራ ዘመኔ ስንቱን ሕፃን ግሉኮስ ተክዬለታለሁ። ግን «መንገድ ዳር ያለ ሁሉ መርዝ ነው» ብሎ መዝጋትም ሙያ አይደለም። በሽታ የሚመጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከሦስት ነገሮች ነው፦ ከእሳቱ፣ ከውኃውና ከእጁ። እኔም በቻንድኒ ቾክ ሦስቱን እየመረመርኩ በላሁ።

መጀመሪያ እሳቱ። ዳሪባ በሚባለው መንገድ ጥግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ ጃሌቢ የሚጠብስ ቤት አለ። የቦካውን ሊጥ በጨርቅ ይጨምቁና በፈላው ቅባት ላይ እያዞሩ ያፈሱታል፤ ቀይ ሲል አውጥተው ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነክሩታል። እኔ ድሬዳዋ ያደግኩ ነኝና ሳየው «ሙሸበክ!» ብዬ ጮህኩ። ድሬዳዋ ድሮ የሕንድ ነጋዴዎች ሱቅ የነበራት ከተማ ናት፤ በሠፈራችን ማታ ማታ የሚጠበሰው ባጅያም የሕንዶቹ ባጂያ ነው፣ ስሙ እንኳ አልተለወጠም።

ሳምቡሳም እንደዚሁ ዘመዳችን ነው። እነሱ ሳሞሳ ይሉታል። ምንጩ ወደ ፋርስና ወደ መካከለኛው እስያ ነው። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዘመን በዴልሂ ሱልጣን ገበታ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ለውዝና ሽንኩርት ያለበት ሳምቡሳ ሲቀርብ አይቶ ጽፏል። ዛሬ ውስጡን የሚሞላው ድንች በዚያን ጊዜ ሕንድ አልደረሰም ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ምስር አደረግንበት። እንዲህ ያለውን ምግብ ዓይኔ እያየ ከፈላ ዘይት ወጥቶ እጄን እያቃጠለኝ ስቀበለው አልፈራም። ጀርም ያን ሙቀት አይችልም። ጠዋት ተጠብሶ ተቆልሎ የዋለውን ግን ዋጋው ቢቀንስም አልነካም። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ጀርሙ እንደገና መራባት ይጀምራል። ዘይቱንም አያለሁ። ከጠቆረና ጢሱ ዓይን ከቆጠቆጠ ብዙ ቀን የተመላለሰ ነውና አልፋለሁ።

ፓራንቴ ዋሊ ጋሊ የምትባል ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ «የፓራታ መንገድ» ማለት ነው። ፓራታ እንደ ቂጣ የተዳመጠ ሊጥ ውስጡ ድንች፣ አበባ ጎመን፣ አተር ወይም ፍጅል ተደርጎ የሚጠበስ ነው። በዚያች መተላለፊያ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ ይሸጣል። ድሮ መንገዱን የሞሉት እነሱ ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ምግባቸው ሥጋ አይነካውም፤ በወጉ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። እንዲህ ሲሆን እንዴት እንደሚጣፍጥ ብነግራችሁ የአገራችን ባለሙያዎች አያምኑኝም። ከነጭ አዝሙድ፣ ከድምብላልና ከከሙን ጋር የዱባ ወጥ ከጎኑ ይቀርባል። ለአንባቢዎቼ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ሥጋ የለውም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም። የተነጠረ ቅቤና ወተት ለእነሱ ምንም አይደለም፤ ጾመኛ ጠይቆ ይብላ።

ሁለተኛው ውኃው ነው። ጎል ጋፓ የሚሉት አለ። ክብና ባዶ የሆነ፣ የሚሰባበር ጥብስ ነው፤ ሻጩ በአውራ ጣቱ ይበሳውና ናና፣ ሁመርና ቅመም ያለበት ቀዝቃዛ ውኃ ሞልቶ ይሰጥሃል፣ በአንድ ጉርሻ ትውጠዋለህ። የዴልሂ ሰው ዙሪያውን ከብቦ ሲውጥ ማየት ደስ ይላል። የእህቴ ልጅ ስድስቱን በተርታ ዋጠ። እኔ ማየት ብቻ በቂዬ ነበር። ውኃው ከየት እንደተቀዳ፣ በረዶው ከምን እንደተሠራ አላውቅም፤ አልፈላም፣ አልተጠበሰም። በዓይኑ ሲለምነኝ «አንተ ተማሪ ነህ፣ ብትታመም ክፍል ትቀራለህ። እኔ ብታመም በሽተኛዬ ሰው ታጣለች» አልኩት። ሳቀ፣ ግን ዳግመኛ አልለመነኝም።

ሦስተኛው እጁ ነው። ገንዘብ የሚቀበለው እጅና ምግብ የሚያነሣው እጅ ለየብቻ ነው ወይ? ሳህኑ በምን ታጠበ? በደረቅ ቅጠል ተሠርቶ አንዴ ተበልቶበት የሚጣል ሳህን ያለው ሻጭ ለኔ በአንድ ባልዲ ውኃ ስንቱን ሳህን ከሚያለቀልቀው ይበልጣል። ወረፋውንም አያለሁ። የሠፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሰለፉበት ቤት ምግቡ ተቀምጦ አይውልም።

ማታ ስመለስ እህቴ ያው ሾርባዋ ፊት ለፊቷ ቀዝቅዞ አገኛታለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕለት ዝም ብዬ የሙሸበኩን ነገር አጫወትኳት። በሁለተኛው ቅዳሜ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እታለም፣ ዛሬስ ምን ቀመስሽ?» አለችኝ። ደስታዬን ደብቄ ስለ ፓራታው ከሊጡ ጀምሬ ተረኩላት። በሦስተኛው ቅዳሜ «ለኔ ምንም አላመጣሽም?» አለች። ነርስ ልቧ የሚቀልጠው እንዲህ ሲባል ነው፤ ግን ምን ይዤላት ልምጣ? አዲስ ቫልቭ ያለበት ሰው ኢንፌክሽን አይችልም፤ ጨው ተከልክላለች፤ ቅባትም እንዲቀንስ ተነግሮናል። ጎመንና ቅጠላ ቅጠል እንኳ በድንገት ከበዛ የደም ማቅጠኛውን ኃይል ያዛባል።

በኅዳር አጋማሽ ጾመ ነቢያት ገባና ለራሴም የምበላው ጠበበ። ያኔ ነው በክረምታቸው ብቅ የሚሉትን የስኳር ድንች ጋሪዎች ያስተዋልኩት። ከነልጣጩ ከሰል ላይ ይጠበሳል፤ ሻጩ ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ሎሚና ቅመም ያለው ጨው ነስንሶ ይሰጣል። ቆሜ መረመርኩት። እሳቱ ከውስጥ ድረስ አብስሎታል። ውኃ አልነካውም። ልጣጩ ካልተከፈተ የሰው እጅ ውስጡን አልነካውም። ሦስቱንም ፈተና አለፈ! ልጁ በሂንዲ «ሳይላጥ፣ ሳይቆረጥ፣ ያለ ጨው» ብሎ አስተረጎመልኝ። ሻጩ በመገረም «ማታጂ፣ ያለ ጨው?» አለኝ፤ «እማማ» ማለቱ ነው። ሁለት መርጦ ከፍሙ አወጣልኝ። አንደኛውን ለራሴ፣ አንደኛውን ለእሷ ብዬ በያዝኩት ንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ማረፊያችን ደርሼ እጄን በሳሙና ታጥቤ ላጥኩት። ገና ይሞቅ ነበር። እህቴ አሽትታው «ይሄማ የእናታችን ረመጥ ነው» አለች። በዝግታ፣ ሳትናገር፣ እስከ መጨረሻው በላችው። ከዚያ ቀና ብላ «ሁለተኛውስ?» አለችኝ። የኔንም ሰጠኋት። አንድ ስኳር ድንች ሰው አያድንም፤ ያዳናት ሐኪሞቹና መድኃኒቷ ናቸው፣ ከሁሉ በላይ ፈጣሪ። የምግብ ፍላጎቷ የተመለሰው ግን ከዚያች ምሽት ወዲህ ነው።

ለወላጆችና ለአያቶች የምለው አለኝ። የመጀመሪያው፣ የልጅ ጉሮሮ ሕመምን አትናቁ፤ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ። የእህቴ ልብ የተጎዳው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሳምቡሳው፣ ቦንቦሊኖው፣ የድንች ጥብሱ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። «እንዳትነካ!» ብንል ተደብቀው ይበላሉ። ይልቅ እጃቸውን ይዘን አብረን እንቁምና እሳቱን፣ ውኃውንና እጁን እናሳያቸው። የተጠበሰ በቆሎ ከፍም ላይ ሲወርድ ይብሉ፤ ተቆልሎ ዝንብ ያረፈበትን ይለፉ። ሲመለሱም «ምን በላህ?» ብለን ብቻ አናብቃ፤ «ሲጠበስ አይተሃል?» ብለን እንጨምርበት።