ከቦርሳዬ ያልወጡ ሁለት ፓኬቶች

በ1984 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ቤተሰቦቼ ዘንድ ስመለስ የፋርማሲ ተማሪ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው፤ በደረስኩ ማግስት ተቅማጥ ያዛት። እማዬ የደረቀ የሮማን ልጣጭ ከጓዳ አውጥታ ቀቀለች፣ አጥልላም በማንኪያ ትግታት ጀመር።

«አንተስ ምን ትላለህ የኔ ልጅ? ያሽላታል?» አለችኝ።

ምናለ ያኔ «ውሃ አጠጧት» ብዬ ቢሆን! እኔ ግን እውቀቴን ለማሳየት ቸኮልኩ። ልጣጩ ታኒን አለው፤ ቆዳ ፋቂዎች በግራር ቅርፊት ቆዳ የሚያለፉት በዚሁ ነው፤ አንጀትም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ሽፋኑን ያደርቃል አልኳት። ጀርመኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ታኒንን ከአልቡሚን ጋር አዋህደው፣ ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ የሚፈታ ታናልቢን የተባለ የተቅማጥ መድኃኒት መሥራታቸውንም ጨመርኩላት። እማዬ በኩራት አየችኝ።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ታኒን ፈሳሹን ይቀንስ እንጂ የወጣውን ውሃና ጨው አይመልስም። ይህንንም አውቅ ነበር! ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ እ.ኤ.አ. በ1971 ህንድ ድንበር ላይ፣ ቦንጋዎን በተባለች ከተማ፣ በኮሌራ የሚያልቁትን ስደተኞች ጨውና ስኳር በውሃ እያጠጣ ሞቱን ከመቶ 30 ገደማ ወደ 4 ገደማ እንዳወረደው ተምሬያለሁ። ግሉኮስ ሶዲየምን ይዞት ይገባል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህንኑ ጨውና ስኳር የያዘ ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ለአንድ ሊትር። እሱም ባይኖር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይበቃ ነበር። ስኳሩም ጨውም ከእማዬ ጓዳ ጠፍተው አያውቁም።

በሁለተኛው ቀን ተቅማጡ ቀነሰላት። «ተመስገን፣ ቆመላት!» ተባባልን። ውሃ ስትል እህቴ «እንዳይብስባት» ብላ ከለከለቻት፤ እኔም ዝም አልኩ። ስታለቅስ እንባ እንደሌላት አይቻለሁ። ዓይኗ መጎድጎዱን አይቻለሁ። ሌሊቱን «ሲነጋ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን» አልን። ሳይነጋ አለፈች።

እማዬ እስክትሞት ድረስ «ሮማኑን ዘግይቼ ሰጥቻት ነው» ትል ነበር። አንድም ቀን «አይደለም እማዬ፣ እኔ ነኝ» ብያት አላውቅም።