ፖይሮ እኛ ቤት ቢመጣ

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዲሱ ገበያ እናቴ ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፤ ባለቤቴ በፍላሽ ያመጣውን ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካና «ፖይሮ»ን እናያለን። ከአጋታ ክሪስቲ ልብ ወለዶች የተሠራው ይህ የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 በ70 ክፍሎች ቀርቧል። ጢሙን አሹሎ፣ አጭር አጭር እየተራመደ የሚሄደውን ቤልጅየማዊ መርማሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጫወተው ዴቪድ ሱሼ ነው።

ቤታችን አንድ ደንብ አለው። ፖይሮ ሰዉን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ መናገር ሲጀምር ድራማውን እናቆምና ገዳዩን እንገምታለን። የእናቴ የቤት ሠራተኛም ረከቦቱ ሥር ተቀምጣ ትገምት ነበር። ብዙ ጊዜ የምታገኘው እሷ ነበረች።

አምና ከፋሲካ በኋላ፣ የዘመድ ሠርግ ሳምንት ሲቀረው፣ የእናቴ የወርቅ ሐብል ጠፋ። አባቴ የገዛላት ነው። ቤቱን ገለባበጥነው። ከዚያ ማንም ምንም ሳይል ዓይናችን ወደ ወጥ ቤት ዞረ። «እስቲ ሻንጣሽን አምጪው» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ልብሷን አንድ በአንድ እያወጣች ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። ሐብሉ የለም። በማግስቱ ደሞዟን ተቀብላ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቴ ለልቅሶ ልትወጣ ጥቁር ነጠላዋን ስታነሣ ጫፉ ከበዳት። ባለፈው ልቅሶ ጊዜ ሐብሉን አውልቃ እዚያው ቋጥራው ረስታዋለች።

ፖይሮ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው «መጨረሻ ያደረግሽው መቼ ነው?» ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ውስጥ እሱ ራሱ ጦርነት ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ነው። ባለቤቱንም ሎሌውንም እኩል ይጠይቃል። እኛ ግን ስድስት ሆነን ሳለ የአንድ ሰው ሻንጣ ብቻ ፈተሽን።

ደወልኩላት። «እንኳን ተገኘ፣ እትዬ» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ እንድትመለስ ለመንኳት፤ ሌላ ሥራ ይዛለች።

ዛሬም እሑድ ድራማውን አቁመን እንገምታለን። ባለፈው ልጄ ቶሎ ብሎ «ሠራተኛዋ ናት!» አለ።

«ምን አይተህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን።